የፔይሮል አገልግሎት ሽያጭ ሥራ ልትገቡ ላሰባችሁ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወጣቶች በየጊዜው እየደወሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «የፔይሮል፣ ማለትም ለንግዶች ደመወዝ የሚያሰላ፣ ድርጅት ለሽያጭ ሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» አማርኛና እንግሊዝኛ አጣምሮ የሚናገር ሰው በዚህ አካባቢ ይፈለጋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤቱን፣ እንጀራ መሸጫውን፣ የሕፃናት መዋያውን፣ የነዳጅ ማደያውንና የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅቱን የያዘው ብዙው ሐበሻ ነው። ስለዚህ መቀጠሩ አይከብድም። የሚከብደው መቆየቱ ነው። አብረውኝ ከሠለጠኑት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ወጥተዋል፤ ጎበዝ ስላልነበሩ ግን አይደለም። እኔም የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ያስቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ማንም ቀድሞ ያልነገረኝን እናንተ አውቃችሁ እንድትገቡ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በ2018 መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ባንክ ውስጥ ቴለር ነበርኩ፤ ማታ ማታ ሞንጎመሪ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ እማር ነበር። ሥራው ሲወራ ቀላል ይመስላል። ሠራተኛ የቀጠረ ንግድ ደመወዝ ማስላት፣ ከደመወዙ ላይ የመንግሥትን ድርሻ መቀነስ፣ የተቀነሰውን በጊዜው ማስገባት፣ በየሩብ ዓመቱ ፎርም 941 የሚባለውን የደመወዝ ግብር ማሳወቂያ መሙላት፣ እስከ ጃንዋሪ 31 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ደብሊው ቱ የሚባለውን የዓመት ደመወዝና ግብር ማስረጃ መስጠት አለበት። የፔይሮል ድርጅቱ ይህን ሁሉ በክፍያ ይሠራለታል፤ ሻጩ ባለቤቱን አግኝቶ ያስፈርማል። ቶም ጎሊሳኖ በ1971 ሮቸስተር ላይ ፔይቼክስን ሲያቋቁም ያሰበው ትልልቆቹ ድርጅቶች ዞር ብለው ያላዩትን ትንንሽ ንግድ ለማገልገል ነበር። ዛሬ ግን አምስት ሠራተኛ ላለው ሱቅ ሳይቀር የሚሻማው ሻጭ ብዙ ነው። እናንተ በሩን ስትከፍቱ ባለቤቱ ከእናንተ በፊት የመጡትን ሸኝቶ ሰልችቶታል።

ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቋቸው ነገሮች አሉ፤ እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ ነው የከፈልኩት። ቋሚ ደመወዙ ስንት ነው? በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኮሚሽን በፊት የሚሰጡት ገንዘብ ካለ፣ ኋላ ከኮሚሽናችሁ ላይ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ያስፈረማችሁት ደንበኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢለቅ የተከፈላችሁን ኮሚሽን መልሰው ይወስዳሉ? ለመኪናችሁ በማይል ይከፍላሉ? ኮታው፣ በየወሩ እንድትሸጡ የሚጠበቅባችሁ መጠን፣ ሙሉ የሚሆነው ከስንተኛው ወር ጀምሮ ነው? የተመደበላችሁ ሰፈር የቱ ነው፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሻጭስ ለምን ለቀቀ? የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቁ የሥራ አስኪያጁን ፊት እዩት። ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ድርጅት ሌላውንም ነገር በቃል ብቻ ነው የሚነግራችሁ። በእጃችሁም የቤት ኪራይና የመኪና ክፍያ የሚሸፍን የሦስት አራት ወር ገንዘብ ሳይኖር አትግቡ። ኪራይ የቸገረው ሻጭ ጭንቀቱ ከፊቱ ላይ ይነበባል፤ ባለሱቅ ደግሞ ይህን ለማንበብ የሚያህለው የለም።

ሥልጠናው ጥቂት ሳምንት ነው። የሚያስተምሩት እንዴት እንደሚደወል፣ «አይ» ሲሉን ምን እንደምንመልስና ዋጋ እንዴት እንደምናቀርብ ነው። ስለ ግብሩ ራሱ የሚነገረው ጥቂት ነው። ከዚያ የስልክ ዝርዝር ሰጥተው ወደ መንገድ ይለቋችኋል። ጠዋት ስልክ፣ ከሰዓት በእግር በየሱቁ፤ ወሩ ሲያልቅ ኮታው ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ያለፈው ወር ውጤት ምስጋና አግኝቶ እዚያው ይቀራል። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚሰብረው፤ ድካሙ ሳይሆን የድካሙ ውጤት በየወሩ መጥፋቱ።

እኔ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደማውቃቸው ነው፤ ወደ ሐበሻ ሱቆች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን፣ የእናቴን የዕቁብ ጓደኞች፣ የክፍል ጓደኛዬን አጎት ሁሉ አዳረስኩ። ፈረሙልኝም። በዚያ ሩብ ዓመት ሰሌዳው ላይ ስሜ ከላይ ነበር። ችግሩ የመጣው ውሎ አድሮ ነው። የፈረሙት አገልግሎቱን ፈልገው ሳይሆን «የእገሌ ልጅ ናት፣ እንዴት ባዶ እጇን እንመልሳታለን» ብለው ነበር። የሠራተኞቻቸውን ሰዓት አይልኩም፤ ድርጅቱ ሲደውልላቸው ስልክ አያነሱም፤ ክፍያው ከባንካቸው ሲወጣ ግን ይናደዳሉ። አንድ ባንድ ለቀቁ። ኮሚሽኑም ተመልሶ ተወሰደ። ከሁሉ የከፋው ግን ቅዳሴ ስንወጣ ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃተን ሰዎች መኖራቸው ነበር።

ይሉኝታ ያመጣውን ፊርማ ለመለየት አሁን የማደርገው ቀላል ነገር አለ። ባለቤቱ ምንም ጥያቄ ሳይጠይቅ «እሺ፣ የት ልፈርም?» ካለኝ ብዕሬን እመልሳለሁ። «ጋሼ፣ አሁን ደመወዝ የሚያሰላልዎት ማን ነው? እሱን ትተው ወደ እኛ ቢመጡ ምን ይጠቀማሉ?» እላለሁ። መልስ ከሌለው ቡናዬን ጠጥቼ አመስግኜ እወጣለሁ። ዋጋ የሚከራከር፣ «ይሄ ነገር ለምንድን ነው?» የሚል፣ ሚስቱን ወይም አካውንታንቱን ካላማከርኩ የሚል ሰው ግን ከፈረመ ይቆያል። ሌላም፦ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት አትሂዱ። ከሁለት ተኩል እስከ አራት ተኩል ባለው ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ከሰዓት ማለት ነው፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የአትክልት ሒሳብ ሲያይ ታገኙታላችሁ። አርብ ከሰዓትን ጨርሶ እርሱት።

ነገሩ የተለወጠልኝ ምንም ባልሸጥኩበት ቀን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ዘንድ ገብቼ ማስረዳት ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «ልጄ፣ እሱን ኋላ ትነግሪኛለሽ። ይሄን ወረቀት ታነቢልኛለሽ?» ብለው ከገንዘብ መቀበያው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳቡት። በመሳቢያው ሙሉ ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ፣ የመጡ ፖስታዎች ነበሩ፤ ገሚሶቹ አልተከፈቱም። በእያንዳንዱ ፖስታ ጀርባ ላይ የደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ በአማርኛ ጽፈውበታል፦ ጥቅምት 12፣ ኅዳር 3፣ ጥር 20። አንዱ ላይ የበርበሬ ጣት አሻራ አለ። ማጭበርበር ቢፈልጉ ኖሮ ይጥሉት ነበር፤ እሳቸው ግን በሥርዓት በደረሱበት ቀን ቅደም ተከተል ደርድረው አስቀምጠውታል። «የወንድሜ ልጅ ሲመጣ ያነበዋል ብዬ ነው» አሉኝ።

ሠራተኞቻቸውን የሚከፍሉት በቼክ ነው፤ ታክሱንም በየቼኩ ላይ በትክክል ይቀንሳሉ። የተቀነሰው ገንዘብ ግን ለመንግሥት አልገባም። አንድ ወር ኪራይ ላይ ዋለ፣ ሌላ ወር የተበላሸ ማቀዝቀዣ ላይ፤ «በሚቀጥለው ወር እሞላዋለሁ» እየተባለ ሩብ ዓመቶች አለፉ፤ 941ም ሳይሞላ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ተረዱልኝ፤ ይህን ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ልታውቁት የሚገባ ነገር የለም። ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር፣ በዚያ ላይ የገቢ ግብሩ ይቀነሳል። አሠሪው ደግሞ በራሱ ኪስ ሌላ 7.65 በመቶ ይጨምራል። ከሠራተኛው የተቀነሰው በሕግ የአደራ ገንዘብ ነው፤ የንግዱ አይደለም። ካልገባ አይአርኤስ ንግዱን አልፎ ባለቤቱን በግል ይጠይቃል። ኤልኤልሲ (የባለቤቱን ኃላፊነት የሚገድብ ኩባንያ) መሆን አያድንም፣ ንግዱን መዝጋት አያድንም፣ ኪሳራ ማወጅም አይሰርዘውም። ቼክ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጅ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ እንኳን «ማን ቀድሞ እንደሚከፈል የወሰንከው አንተ ነህ» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ዘግይቶ የገባም ቅጣት አለው፦ እስከ 5 ቀን ከዘገየ 2 በመቶ፣ እስከ 15 ቀን 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 10 በመቶ፣ ማስጠንቀቂያ ደርሶም ካልተከፈለ 15 በመቶ።

«እትዬ፣ ዛሬ ምንም አልሸጥልዎትም። መጀመሪያ እነዚህን ሲፒኤ ዘንድ ይዘን እንሂድ» አልኳቸው፤ ሲፒኤ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ነው። ፖስታዎቹን አብረን ከፍተን በሩብ ዓመት ለየናቸው። ሥራ አስኪያጄ በዚያ ሳምንት የት እንደነበርኩ ሲጠይቀኝ የማሳየው ፊርማ አልነበረኝም። ሲፒኤው ያልተሞሉትን 941ዎች ሞላ፤ በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ከአይአርኤስ ጋር አደረገ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት 3 ዓመታት ንጹሕ ስለነበሩ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ቅጣት እንዲነሣላቸው ጠየቀ፤ ተነሣላቸውም። ይህ መብት እንዳለ ብዙ ሐበሻ ነጋዴ አያውቅም፤ ያኔ ጠያቂ ካልተገኘ ማንም አይሰጠውም ነበር። እሳቸው ከዚያ በኋላ ራሳቸው ደውለው የፔይሮል ደንበኛዬ ሆኑ። ያልጠበቅኩት ግን የሲፒኤው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ያንን መሳቢያ ያመጣሽው ልጅ ነሽ አይደል? አንድ የሕፃናት መዋያ አለኝ፣ ታናግሪያቸዋለሽ?» ብሎ ደወለልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አብዛኛው ሥራዬ የሚመጣው በሒሳብ ባለሙያዎች በኩል ነው። በየሱቁ መንከራተቱ ባይቆምም የኑሮዬ መሠረት መሆኑ ግን ቀረ።

ስለዚህ ስለ ሒሳብ ባለሙያዎች ትንሽ ላስረዳ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ቢሯቸው አትድረሱ። በዚያ ወቅት ኬክ ይዞ የመጣ ሻጭ እንኳን ይጠላል። ሜይ ጥሩ ነው፤ ኖቬምበር ደግሞ ይበልጣል፤ ደንበኞቻቸው ለአዲሱ ዓመት የሚያስቡበት ጊዜ ስለሆነ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ታክስ የሚሠሩ ብዙዎቹ ራሳቸው ለጥቂት ደንበኞች ደመወዝ እያሰሉ የሚያገኟት ገቢ አለቻቸው። ያንን ልትነጥቁ እንደመጣችሁ ካሰቡ ያበቃል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «የትኛው ደንበኛ ነው ራስዎን የሚያዞርብዎት?» ብዬ ነው። ሁልጊዜ አንድ አለ፤ ሰዓቱን አርብ ማታ በቴክስት የሚልክ፣ በየሳምንቱ ሠራተኛ የሚቀይር። እሱን ስጡኝ እላለሁ። የቀረውን እንዲይዙት እተወዋለሁ። ሪፖርቱን ደንበኛውን ሳያስቸግሩ በቀጥታ ማየት የሚችሉበትን መግቢያ እከፍትላቸዋለሁ። እነሱ የሚፈልጉት ዲሴምበር ላይ ቁጥሩ ተስተካክሎ እንዲደርሳቸው ነው፤ ይህን ካገኙ ሌሎቹን ራሳቸው ይልካሉ።

እውቀት የምላችሁ ይህን ዓይነቱን ነው። በእኛ አካባቢ ሰው አንዱ ክልል ይኖራል፣ ሌላው ውስጥ ይሠራል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በመካከላቸው ስምምነት ስላላቸው የደመወዝ ግብሩ የሚከፈለው ሰውየው ለሚኖርበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ ውስጥ የሚሠራ አስተናጋጅ የዲሲ ነዋሪ አለመሆኑን የሚያሳውቅበትን ዲ ፎር ኤ የሚባለውን ፎርም ለአሠሪው መስጠት አለበት። ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረውም። ዓመቱን ሙሉ ለዲሲ ሲቆረጥበት ከርሞ ኤፕሪል ላይ ለሜሪላንድ፣ ከነካውንቲው ድርሻ፣ በአንድ ጊዜ ክፈል ይባላል፤ የዲሲውን ለማስመለስ ደግሞ ሌላ ፎርም ሞልቶ ይጠብቃል። እኔ አንድ ምግብ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሠራተኞቻችሁ የት ነው የሚኖሩት?» ነው። ባለቤቱ ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር ራሱ ይነቃል። ያን ጊዜ የሚያወራችሁ ሻጭ መሆናችሁን ይረሳዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ የ1099 ነው፤ ይህ ለሠራተኛ ሳይሆን በራሱ ለሚሠራ ኮንትራክተር የሚሰጥ የክፍያ ወረቀት ነው። «እህቴ፣ ፔይሮሉን ተይውና ለሁሉም 1099 ስጪልኝ» ይሏችኋል፤ አሠሪው 7.65 በመቶውን እንዳይከፍል ማለት ነው። ሰውየው መቼ እንደሚገባ የምትወስኑት እናንተ ከሆናችሁ፣ መሥሪያውን የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የምትነግሩት እናንተ ከሆናችሁ፣ ወረቀት ላይ «ኮንትራክተር ነኝ» ብሎ ቢፈርምም ሠራተኛ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ኮንትራክተር ሆኖ አይቼ አላውቅም። ከተባረረ በኋላ የሥራ አጥ ድጎማ ሲጠይቅ ነገሩ ይወጣል፤ ክልሉ «ይህ ሰው በመዝገብ የለም፣ ለምን?» ብሎ አሠሪውን ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ለኮታ ብላችሁ አትያዙ። እኔ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው፤ ማለትም 10 ዓመት የተመዘገበ ሥራ። በካሽ ለዓመታት እንጀራ የጋገረች ሴት ስታረጅ ያን ሁሉ ዓመት የሚያሳይላት ወረቀት የላትም። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለወጥ ባለቤቶች አሉ፤ የገዛ እናታቸውን አስበው ይሆናል።

2020 መጣ። ማርች ላይ ሁሉም ተዘጋ፤ ደንበኞቼ አንድ ባንድ ፔይሮላቸውን አቆሙ፤ ኮሚሽኔም አብሮ ቆመ። ከዚያ ፒፒፒ የሚባለው፣ ንግዶች ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ እንዲከፍሉ የተሰጠ የፌዴራል ብድር ታወጀ። የብድሩ መጠን የሚሰላው በአማካይ የወር ደመወዝ ወጪ 2.5 እጥፍ ነበር፤ ባንኮቹ የጠየቁት ማስረጃ ደግሞ ያንኑ 941 እና የፔይሮል ሪፖርት ነው። ወረቀቱ የነበራቸው ንግዶች በቀናት ውስጥ አመለከቱ፤ አብዛኞቹም ኋላ ብድሩ ተሰርዞላቸዋል። በካሽ ሲከፍሉ የኖሩት ግን አሥር ሠራተኛ እያላቸው በወረቀት ላይ አንድም አልነበራቸውም። በዚያ ሰሞን ስልኬ እስከ እኩለ ሌሊት ይጮህ ነበር። አንዳንዶቹ «ያለፈውን ዓመት ፔይሮል አሁን ሠርተሽ ስጪን» አሉኝ። አለቅስ ነበር፤ ግን አይሆንም አልኩ። ያለፈ ቀን የተጻፈበት ፔይሮል ለፌዴራል ብድር ማቅረብ ወንጀል ነው፤ በዚህም በየክልሉ ብዙ ሰዎች ተከሰዋል። ደግ ለመሆን ብላችሁ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። አይሆንም ካልኳቸው ውስጥ አንድ ባለሱቅ በቀጣዩ ጃንዋሪ በትክክል ጀምረው ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው።

ፊርማ ሽያጩን አይጨርሰውም፤ ይህን ብዙ ሻጭ አያምንም። ደንበኛ የሚለቀው በአብዛኛው በመጀመሪያው ወር ነው፤ አንድ ሠራተኛ ደመወዙ ሲጎድል። ስለዚህ ከፊርማው በፊት እነዚህን በእጄ እሰበስባለሁ፦ የፌዴራል መለያ ቁጥሩ የተሰጠበት ደብዳቤ፣ የባንክ ቮይድ ቼክ (የሒሳብ ቁጥሩን ለማሳየት ብቻ የሚሰጥ የተሰረዘ ቼክ)፣ ያለፈው ሩብ ዓመት 941፣ ክልሉ ንግዱ ለሥራ አጥ መድን እንዲከፍል የመደበው መቶኛ፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የገቢ ግብሩ እንዴት እንደሚቀነስ የሚናገረው ደብሊው ፎር፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተከፈለው። መቶኛው በግምት ከተሞላ ክልሉ ከወራት በኋላ ልዩነቱን ይጠይቃል፤ ስልኩ የሚጮኸው እናንተ ዘንድ ነው። በሩብ ዓመት መሐል ከመጀመር ይልቅ በጃንዋሪ 1፣ በኤፕሪል 1፣ በጁላይ 1 ወይም በኦክቶበር 1 ይጀመር። ሥራ አስኪያጃችሁ ወሩ ሳያልቅ አስፈርሙ ብሎ ይጫናችኋል፤ አስፈርሙ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ግን በሩብ ዓመቱ መግቢያ ይሁን። የመጀመሪያውን ፔይሮል ሲያስገቡ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ገንዘቡ ከባንካቸው የሚወጣው ሠራተኛው ከሚከፈልበት ቀን ቀደም ብሎ መሆኑን ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ አካውንቱ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ድርጅቱ ወዲያው ያግዳቸዋል።

ሌላ የምነግራቸውን ነገር ብዙ ሻጭ አይናገረውም። የፔይሮል ድርጅት ቀጥረውም ቢሆን ታክሱ ካልገባ ተጠያቂው አሠሪው ነው። በሴፕቴምበር 2019 ኒው ዮርክ ውስጥ ማይፔይሮልኤችአር የሚባል ድርጅት በድንገት ሲዘጋ በመላው አገሪቱ ሺዎች ሠራተኞች ደመወዛቸው ከአካውንታቸው ተመልሶ ሲወጣ አይተዋል፤ ደንበኞቹም የከፈሉት ታክስ የት እንደደረሰ መፈለግ ነበረባቸው። ስለዚህ ለደንበኞቼ የፌዴራል ግብር በኢንተርኔት በሚከፈልበት በኢኤፍቲፒኤስ የራሳቸውን መግቢያ እንዲያወጡና በየወሩ ገብተው ታክሱ በስማቸው መግባቱን እንዲያዩ አሳያቸዋለሁ። የራሴን ድርጅት እንዲፈትሹ ነው የማስተምራቸው። አንድ ሥራ አስኪያጅ «ለምን ጥርጣሬ ትዘሪያለሽ?» ብሎኝ ያውቃል። እኔ ያየሁት ግን እየገባ የሚያይ ደንበኛ እንደማይለቅ ነው።

ተጨማሪ ነገር ሽጡ የሚለው ግፊት አያልቅም፦ የሰዓት መመዝገቢያ፣ የሠራተኛ ጉዳት መድን፣ 401ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር። ለአራት ሠራተኛ ሱቅ ሁሉንም የሸጠ ሻጭ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ የመጀመሪያውን ሒሳብ ሲያይ ሁሉንም ሰረዘ። የሚጠቅመውን ብቻ ንገሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ለምሳሌ ከ2022 ጀምሮ ሜሪላንድሴቭስ የሚባል የቁጠባ ፕሮግራም አለ፤ ንግዱ አውቶማቲክ ፔይሮል ኖሮት ሠራተኞቹን ካስገባ ክልሉ የ300 ዶላር ዓመታዊ ምዝገባ ክፍያውን ይተውለታል። እኔ ከዚህ ምንም ኮሚሽን አላገኝም። ባለቤቱ ግን 300 ዶላር የሚያስቀርለትን ነገር የነገረችው ማን እንደሆነች ያስታውሳል፤ ቀጥሎ የሰዓት መመዝገቢያ ሲያስፈልገው ለእኔ ይደውላል።

ስለ መንፈሳችሁም ልናገር። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ኮታ ስላልሞላሁ የማሻሻያ ዕቅድ የሚባል ወረቀት አስፈርመውኛል፤ በተባለው ጊዜ ካልተሻሻልሽ ትባረሪያለሽ ማለት ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩባቸው ከሰዓቶች ነበሩ፤ ለቤተሰቤ ግን «ሥራ ጥሩ ነው» እል ነበር። ይህን አታድርጉ። አንድ እውነቱን የምትነግሩት ሰው ይኑራችሁ። ከምታገኙት ኮሚሽን ጥሩውን ወር ለመጥፎው አስቀምጡ፤ በትልቁ ወር መኪና አትቀይሩ። በየቀኑ ያነጋገራችሁትን ሰውና ያለውን ነገር በአንድ ደብተር ጻፉ፤ «ልጄ ጁን ላይ ትመረቃለች፣ ከዚያ በኋላ ነይ» ያለን ሰው ጁን ላይ «ልጅዎ እንዴት ተመረቀች?» ብሎ የሚደውል ሻጭ ብዙ የለም። የእኔን ደብተር ኋላ ስገልጠው ያስፈረምኳቸው አብዛኞቹ መጀመሪያ «አይ» ያሉኝ ናቸው።

መቼ ልጀምር ለሚለው፣ ምርጫ ካላችሁ በመስከረም አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ግቡ። ሥልጠናው ሲያልቅ ኖቬምበር ይሆናል፤ ንግዶች የሚቀያይሩት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሆነ ትልቁ ወቅት እዚያ ይጠብቃችኋል። በአሜሪካ ፀደይ፣ ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ፣ ከገባችሁ ኮታው ሙሉ የሚሆንባችሁ በአሜሪካ በጋ፣ ጁላይ አካባቢ፣ ጭር ባለ ጊዜ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ ከላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ አንብባችሁ ብትጠይቁ ማንም አይቀየማችሁም።